ጉንፋን ይዞኛል፤ ልሩጥ ወይስ ልተኛ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? ዕድሜዬ 33 ነው፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ታላቁ ሩጫ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶታል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተመዝግቤ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ስሠራ ከረምኩ። ሰኞ ዕለት ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ተዘግቷል፣ ያስነጥሰኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደግሞ ትንሽ ሳል አለኝ። ትኩሳት ያለኝ አይመስለኝም፤ ግን አልለካሁም። የጂም አሰልጣኜ ‹ጠንከር አድርገሽ ሩጪና በላብ ይውጣልሽ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ብርድ ነው የመታሽ፣ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ› ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትጠብቀኛለች። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሁለት ቀን እረፊ። ከዚያ ትኩሳት ከሌለሽና ሳሉ ወደ ደረት ካልወረደ፣ ቀለል አድርገሽ ጀምሪ። አሰልጣኝሽ ተሳስቷል። እናትሽም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም፤ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ከእናትሽ ጋር ነኝ።

መጀመሪያ የላቡን ነገር እንጨርስ። ላብ ውኃና ጨው ነው። የጉንፋን ቫይረስ የተቀመጠው አፍንጫሽና ጉሮሮሽ ውስጥ፣ በስሱ ሽፋን ሴሎች ውስጥ ገብቶ ነው። ከዚያ ተነስቶ በቆዳሽ በኩል በላብ የሚወጣበት መንገድ የለም። ታዲያ ሰው ለምን ያምናል? እኔ እንደማየው ሁለት ነገር ያሳስተዋል። አንደኛው፣ ስትሮጪ አድሬናሊን ይጨምራል፤ የአፍንጫ ውስጥ የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ እብጠቱ ይቀንስና አፍንጫሽ ይከፈታል። ለአንድ ሰዓት ያህል የዳንሽ ይመስልሻል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሁለተኛው የትኩሳት ላብ ነው። ትኩሳት ሲወርድ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣው በላብ ነው። ሌሊት በላብ ተጠምቆ ያደረ ሰው ጠዋት ቀለል ይለዋል። እናም «ላቡ አዳነኝ» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለተሻለው ነው ያላበው።

እንዲያውም ይህን ሆን ብለው የሞከሩ አሉ። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ባለው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ዋይድነርና ባልደረቦቹ 50 ፈቃደኛ ወጣቶች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨመሩ። 34ቱ በየሁለት ቀኑ ለ40 ደቂቃ በመካከለኛ ጉልበት ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። 16ቱ ቁጭ አሉ። በየ12 ሰዓቱ ምልክታቸውን ይጠየቃሉ፤ የተናፈጡበት ሶፍት ሳይቀር እየተሰበሰበ ይመዘን ነበር። (ያን ሶፍት ሲመዝን የከረመውን ተማሪ ሳስበው ያሳዝነኛል።) እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ውጤት ምን አለ? የሠሩትም ያልሠሩትም ጉንፋናቸው እኩል ቆየ፣ እኩልም ከበደ። ስፖርቱ አላባሰውም፤ አላዳነውምም።

አሰልጣኝሽ ይህን ቢያነብ «ይኸው አልጎዳም!» ሊል ይችላል። ግን ልብ በይ። ወጣቶቹ ጤነኞች ነበሩ። ቫይረሱ ቀለል ያለ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር ዓይነት ነው። የሠሩት በመካከለኛ ጉልበት ነው። ማንም «የመስቀል አደባባይን ደረጃ አስር ጊዜ በሩጫ ውጡ» አላላቸውም። አንቺ ደግሞ ያለሽው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ደህና ቀንም ቢሆን ልብ ሥራ ይበዛበታል።

ከስፖርት ሐኪሞች ዘንድ የቆየ አንድ ቀላል ደንብ አለ፤ አንገትን ድንበር ማድረግ። ምልክቱ ሁሉ ከአንገት በላይ ከሆነ፣ ማለትም ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ ቀላል የጉሮሮ መከርከር ብቻ ከሆነ፣ ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ይቻላል። ከአንገት በታች ከወረደ፣ ማለትም ደረት የሚያስጨንቅ ሳል፣ አክታ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ካለ፣ ጫማሽን አታጥልቂ። ትኩሳት ካለ ደግሞ ከላይም ሆነ ከታች ክርክር የለውም። በአማርኛችን «ከአንገት በላይ» ሲባል ከልብ ያልሆነ ማለት ነው፤ ለዚህም ልክክ ይላል። የአንገት በላይ ሐኪሞች ይቅር ይበሉኝ።

አንቺ እስካሁን ያለሽው ከመስመሩ በላይ ነው። ሳሉ ግን ድንበር ላይ ቆሟል። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ጠብቂ ያልኩሽ። ጉሮሮን እየኮረኮረ የሚመጣ ደረቅ ሳል ከሆነ ከላይ እንደመጣ ይቆጠራል። ከደረት ሥር የሚነሳ፣ አክታ ያለው፣ ስትስዪ ጡትሽ መሐል የሚያቃጥልሽ ከሆነ ወርዷል ማለት ነው።

ትኩሳትን ለምን እንዲህ እንፈራዋለን? ሙቀትሽ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልብ ምትሽ በደቂቃ በ10 ገደማ ይጨምራል። ተኝተሽም ልብሽ እየሠራ ነው። በዚያ ላይ ሩጫ ስትጨምሪበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ዋናው ስጋት ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች ከጉሮሮ አልፈው የልብ ጡንቻን ያስቆጣሉ። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሳያውቀው ይመጣል፣ ሳያውቀውም ይድናል። በዚያ ሰሞን ከባድ ስፖርት ከሠራበት ግን ልብ ምቱ ሊዛባ፣ አልፎ አልፎም ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ስዊድን ውስጥ 16 ወጣት የኦሪየንቲሪንግ ስፖርተኞች በድንገት ሞተዋል። ኦሪየንቲሪንግ ካርታ ይዞ ጫካ ለጫካ መሮጥ ነው፤ ልጆቹ ሲበዛ ጠንካሮች ነበሩ። ከመካከላቸው የብዙዎቹ አስከሬን ሲመረመር የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኝቷል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በጣም ብርቅ ነው። ግን «ትኩሳት እያለው ሮጦ ምን ሆነ?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ሕመም የተገኘበት ስፖርተኛ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከውድድር ይርቃል።

እኔም ራሴ ከዚህ ስህተት ያመለጥኩ አይደለሁም። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ጃንሜዳ ላይ በፋኩልቲዎች መካከል ውድድር ነበር። ማታውን ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። ጠዋት ሁለት ፓራሲታሞል ውጬ ግንባሬን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። «ለቀቀኝ» ብዬ ሮጥኩ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም፤ መድኃኒቱ ነው የሸፈነው። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። አንድ ፈተናም አመለጠኝ። ውድድሩንም አላሸነፍኩም፤ ስንተኛ እንደወጣሁ አልነግርሽም።

ስለዚህ «ያለኝ አይመስለኝም» በቂ አይደለም። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዢ። ፓራሲታሞል ከመዋጥሽ በፊት ብብትሽ ውስጥ አድርገሽ እስኪጮኽ ጠብቂ። ብብት ከአፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ 37.5 ካለፈ ትኩሳት ብለሽ ያዢው። ሁለተኛው መለኪያ ገንዘብ አያስወጣም። ጠዋት ከአልጋሽ ሳትነሺ፣ ስልክሽንም ሳትነኪ፣ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣትሽ ሥር የእጅሽ አንጓ ላይ አሳርፊ። ምቱን ስታገኚ 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሪ። ጓደኛሽን አታወሪ፣ ቡና አትጠጪ፤ ቆጥረሽ ጻፊው። የደህና ቀን ቁጥርሽ 62 ነው እንበል። 65 ቢሆን ምንም አይደለም። 72 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነትሽ ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ ነው፤ የዚያን ቀን ሩጫ የለም። የሚቆጥር ሰዓት ካሰርሽ የቆዩ ቁጥሮችሽን እዚያው ታገኛለሽ።

አሁን ደግሞ የውጭ አገር ጽሑፎች የማይነግሩሽን ልንገርሽ። ስዊድን ወይም አሜሪካ ትኩሳትና ድካም ያለው ወጣት ቢመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኮቪድም አለ። እኛ ጋ ዝርዝሩ ይረዝማል። ሰሞኑን ለሥራ ወይ ለሠርግ ወደ ቆላ ወርደሽ ከነበረ፣ ወባ መሆኑን ሳትመረመሪ «ጉንፋን ነው» አትበዪ። ታይፎይድና ታይፈስም መጀመሪያ ላይ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ድካም ሆነው ነው የሚመጡት። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የአክታ ምርመራ ነው፤ ቲቢ በሩጫ አይታለፍም።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ጉሮሮ ላይ ነው። ጉሮሮሽ በድንገት በጣም ቢታመም፣ ምራቅ መዋጥ ቢያቅትሽ፣ ትኩሳት ቢኖር፣ አንገትሽ ሥር እጢ ቢያብጥ፣ ንፍጥና ሳል ግን ባይኖር፣ ይህ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣው ቶንሲል ሊሆን ይችላል። በጊዜ ካልታከመ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ ያስከትላል። አገራችን ውስጥ የልብ ቫልቫቸው ተበላሽቶ የማያቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ታሪካቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንቺ ንፍጥና ማስነጠስ ስላለሽ ወደዚያ አያመራም። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ግን አስታውሺው።

እናትሽ «ብርድ ነው የመታሽ» ያሉትስ? ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ብርድ ብቻውን አያመጣም። ይሁንና እናቶች ዝም ብለው አይናገሩም። ዋነኛው የጉንፋን ቫይረስ ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ፣ 33 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቦታ ይበልጥ ይራባል። አፍንጫ ውስጥ ያለው ሙቀት ያ ነው። የኅዳር ጠዋት 12 ሰዓት አየር ደግሞ ቀዝቃዛም ደረቅም ነው። ደህና ስትሆኚ አፍንጫሽ አሙቆ፣ አርጥቦ፣ አጣርቶ ነው ወደ ሳንባ የሚልከው። አፍንጫሽ ሲዘጋ በአፍሽ ትተነፍሻለሽ፤ ያ ደረቅ ብርድ በቀጥታ ይገባል። የቆጣው የአየር ቧንቧ ይኮማተርና ሳል ይመጣል። አስም ካለብሽማ ጭራሽ፤ ጉንፋን የአስም ዋነኛ ቀስቃሽ ነው። ስለዚህ እንደገና ስትጀምሪ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መውጣቱን ተዪና ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወይም ከሥራ በኋላ ሳይመሽ ውጪ።

ጭሱንም አትርሺ። ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የ1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ነው፤ ለዚያ መታሰቢያ ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። በመተንፈሻ በሽታ የሞቱትን ለማሰብ አየሩን በጭስ መሙላታችን ሁሌም ይገርመኛል። ታላቁ ሩጫ የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። የዚያን ዕለትና ማግስቱን ጠዋት ውጭ አትሩጪ፤ ጉንፋን የያዘው ሳንባ ጭስ አይወድም።

ጂም ግን አትሂጂ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው ቫይረሱን አብዝተሽ የምታሰራጪው። በንፍጥ የነካሽው እጅ ብረቱን ይነካል፤ ሌላዋ ያንኑ ብረት ነክታ ዓይኗን ታሻለች። ባልደረቦችሽ ጋር ስትገናኙም መሳሳሙ ለሳምንት ይቅር፤ የውኃ ኮዳ መዋዋሱም እንዲሁ። አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ቡድኑን በሙሉ አሳመምሽ ተብለሽ ስምሽ እንዳይነሳ።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ሁለት ነገር። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትዋጪ፤ ቫይረስ አይነካውም። «ሲፕሮ» የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ የሚሰጥሽ ካለ ደግሞ ሯጭ መሆንሽን ንገሪው። ያ የመድኃኒት ቤተሰብ የተረከዝ ጅማትን ሊያሳምም፣ አንዳንዴም ሊበጥስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ለማያድነው ጉንፋን ብለሽ ጅማትሽን አትስጪ። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሱዶኤፌድሪን አለ። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ውጠሽው አትሩጪ። ክለብ ውስጥ የምትወዳደሩ ካላችሁ ደግሞ በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ከተገኘ ዶፒንግ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ስለሚያስቸግሩ ከሩጫ በፊት አይሁኑ። ቫይታሚን ሲ ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ ብትወስጂው ለውጥ አያመጣም።

ዝንጅብልና ማር በሙቅ ውኃ፣ አጥሚት፣ የዶሮ መረቅ፤ እነዚህን ውሰጂ። ማር ሳልን እንደሚያበርድ በጥናትም ታይቷል። ዳማከሴውን እናትሽ ከጨመቁት ትንሽ በቡና ጠጪ፤ እኔም ቤት ግቢ ውስጥ አለ። ጾም ከያዝሽ መረቁ ይቅርና ምስር ወይ ሽሮ ደህና አድርገሽ ብዪ። ባዶ ሆድ ይዘሽ ከጉንፋን ተነስተሽ መሮጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። ሐሙስና አርብ እረፍት ነው። ብትፈልጊ ግቢ ውስጥ 20 ደቂቃ ተንሸራሸሪ፣ ከዚያ አይለፍ። ቅዳሜ ትኩሳት ከሌለ፣ ምትሽም ወደ ቁጥሩ ከተመለሰ፣ ሜዳ ላይ ውጪና አሥር ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ራስሽን ጠይቂ። ቀለል ካለሽ ሌላ ሃያ ደቂቃ በሶምሶማ ቀጥዪ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ እያወራሽ መሮጥ መቻል አለብሽ፤ ከተቆራረጠ ፈጥነሻል። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ራስሽን ካመመሽ ወይ እግርሽ ከከበደ፣ ዞረሽ ወደ ቤት። በቀጣዩ ሳምንት 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 40፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ደረጃውን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

«ያመለጠኝን ላካክስ» እንዳትዪ ብቻ። ሁለት ወር ሠርተሻል። በአንድ ሳምንት እረፍት የምታጪው አቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጥቂት ቀን የሚገነባም የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ ተመራማሪው ዴቪድ ኒማን ባጠናው፣ ማራቶኑን ከሮጡት በቀጣዩ ሳምንት 12.9 በመቶው መታመማቸውን ተናግረዋል፤ ተዘጋጅተው ሳይሮጡ ከቀሩት ደግሞ 2.2 በመቶ ብቻ። 10 ኪሎ ሜትር ማራቶን አይደለም። ግን ሳይሻላት ራሷን የምታደክም ሯጭ ለሚቀጥለው ጉንፋን በር ትከፍታለች።

በመካከል ትኩሳት ከመጣ ዕቅዱ ይሰረዛል። ያለ ምንም ኪኒን ትኩሳቱ ከለቀቀሽ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ በታመምሽበት ቀን ልክ ቀለል ያለውን ብቻ ትሠሪያለሽ። ስትሮጪ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ልብሽ ዝልል ዝልል ካለ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ወይም ለወትሮው በማያደክምሽ ነገር ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እዚያው ቁሚና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

የውድድሩ ቀን ትንሽ ሳል ቢቀርሽ አይግረምሽ፤ ከጉንፋን በኋላ ሳል ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ኃይሌ ገብረሥላሴ ያሸነፈው ይህ ሩጫ ለአብዛኛው ሰው እየዘፈኑና እየጨፈሩ የሚሄዱበት ነው። ሰዓት የሚያስቡት ከፊት ያሉት ናቸው። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ግማሹን በእግርሽ ብትሄጂ ማንም አያይሽም፤ የሚያይሽም አብሮሽ እየተራመደ ነው። ቲሸርቱን አስቀድመሽ ወስደሻል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቁጥር ጻፊልኝ፤ አንዱ የብብትሽ ሙቀት፣ ሌላው ከአልጋ ሳትነሺ የቆጠርሽው ምት። ሳሉ ከየት እንደሚነሳም ጨምሪበት።